ፎርማት ከመደረጉ በፊት የዲስኩን ወሰን ማወቅ

በመካነ ሰላምም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች ኮምፒውተር ሲከብድ፣ ቫይረስ ሲያስቸግረው ወይም ጭራሽ አልነሣ ሲል ባለቤቱ ለጥገና ባለሙያው የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ፎርማት አድርግልኝ» የሚል። ይህ አነጋገር ግን በአሠራር የተለያዩ ሦስት ሥራዎችን ጠቅልሎ ይዟል። አንደኛው አሮጌውን ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አካላት የሚያስተባብረውንና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያሠራውን እንደ ዊንዶውስ ያለ መሠረታዊ ፕሮግራም ማጥፋት ነው፤ ሁለተኛው በቦታው አዲስ መጫን ነው፤ ሦስተኛውና አብዛኛውን ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ደግሞ የማከማቻው ዲስክ ከየት እስከ የት ለየትኛው አገልግሎት እንደሚውል ወሰኑን መለየት ነው። መጫኑ በራሱ ሰነድ አያጠፋም ለማለት ይቻላል፤ የዓመታት ሥራ የሚጠፋው ወሰኑ ሳይለይ ማጥፋቱ ሲቀድም ነው።

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በምዕራብ የዓባይ ሸለቆ ከጎጃም ይለያታል፤ በምሥራቅ ደግሞ ወደ ደሴ የሚያደርሳት ረጅም የደጋ መንገድ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያው ሌላ በዚህች ከተማም ግቢ ስላለው፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በላፕቶፕ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች፣ የማስተማሪያ ጽሑፍና የፈተና ፋይል የሚይዙ መምህራን፣ ደብዳቤና ሪፖርት የሚያከማቹ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጡ ሱቆች ሁሉ ኑሯቸው ከዲስክ ጋር የተሳሰረ ነው። የጠፋ መረጃን በልዩ መሣሪያ ፈልጎ የማውጣት ሙያ በሌለበት አካባቢ ደግሞ አንዲት የተሳሳተ ምርጫ የምታስከትለው ኪሳራ ከአዲስ አበባው ይልቅ የከፋ ነው፤ ከአጎራባቾቹ ወረዳዎች ከሳይንት ወይም ከወግዲ ተነሥቶ ላፕቶፑን ይዞ የመጣ ሰው ሰነዱ ከጠፋ በኋላ የሚሄድበት ቦታ ሩቅ ነው።

ፓርቲሽን ወይም ክፍልፍል የሚባለው አንድን ዲስክ ሥርዓተ ክወናው ለየብቻቸው እንደቆሙ ማከማቻዎች አድርጎ እንዲያያቸው በስሌት የተለየ ክልል ነው። በዲስኩ አካል ላይ የተቀረጸ መስመርም ሆነ የተገነባ ግድግዳ የለም፤ ያለው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ የተጻፈ፣ አንደኛው ክፍል ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ እዚያ ቁጥር ድረስ፣ ሁለተኛው ከዚያ ቀጥሎ እስከዚህ ድረስ የሚል አጭር ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ነገሩን ለገጠሩ አንባቢ ቅርብ በሆነ ምሳሌ ለመግለጽ፣ ሠንጠረዡ የገበሬውን ይዞታ ከነአዋሳኙ እንደሚመዘግበው የመሬት ደብተር ነው። ደብተሩ ቢቃጠል ማሳው አይቃጠልም፤ እህሉም እንዳለ በማሳው ላይ ይቆያል፤ ነገር ግን የማን እንደሆነና ወሰኑ የት እንደሚያበቃ የሚናገር ስለማይኖር፣ ሌላ ሰው ባዶ መሬት መስሎት ሊያርሰው ይችላል። በዲስክ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው፤ ፓርቲሽን ሲሰረዝ የሚጠፋው መዝገቡ ሲሆን፣ ሰነዱ ለዘለቄታው የሚጠፋው በላዩ ላይ ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው።

ፎርማት ማድረግ ከመሰረዝ ይለያል። መሰረዝ ወሰኑን ከሠንጠረዡ ሲያወጣ፣ ፎርማት ወሰኑን እንዳለ ትቶ በውስጡ አዲስ የፋይል ሥርዓት፣ ማለትም የትኛው ሰነድ በየትኛው ቦታ እንደተቀመጠ የሚያሳይ አዲስና ባዶ ማውጫ ይዘረጋል። ፈጣን ፎርማት የሚባለው በዚህ ብቻ ስለሚወሰን በጥቂት ሴኮንዶች ያልቃል፤ ሙሉ ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ቦታ ሁሉ በዜሮ እየሸፈነ የሚያልፍ በመሆኑ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ከእርሱም በኋላ የሚመለስ ሰነድ የለም። ባለሙያው «ፎርማት አደረግሁት» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ባለቤቱ ቢጠይቅ የሚያሳፍር ጥያቄ አይሆንም።

የክፍልፍል ታሪክ ከዲስክ መጠን ታሪክ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። የመጀመሪያው የንግድ ሃርድ ዲስክ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያቀረበው ሲሆን፣ 24 ኢንች ስፋት ባላቸው 50 ሰሌዳዎች ላይ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ብቻ ስለነበር ማንም ሊከፋፍለው የሚያስብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1983 አይቢኤም ፒሲ ኤክስቲ የተባለው የግል ኮምፒውተር 10 ሜጋባይት ዲስክ ይዞ ሲወጣ፣ አብሮት የመጣው ሁለተኛው የዶስ ሥርዓተ ክወና አንዱን ዲስክ እስከ አራት ክፍል የሚከፍለውን ሠንጠረዥ አስተዋወቀ። ኤ እና ቢ የተባሉት ፊደላት አስቀድመው ለፍሎፒ ዲስኮች ተይዘው ስለነበር ሃርድ ዲስኩ በሲ ጀመረ፤ ፍሎፒ ከጠፋ ከብዙ ዓመት በኋላም መካነ ሰላም ውስጥ የሚሸጥ ላፕቶፕ ዛሬም በሲ ይጀምራል። ኤምቢአር በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ያ ሠንጠረዥ የሚይዘው ቦታ 64 ባይት ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል 16 ባይት ሲደርስ አራት ክፍል ይሞላዋል፤ የቁጥሮቹም ርዝመት ውስን ስለሆነ ከ2.2 ቴራባይት ገደማ የበለጠ ዲስክን ሙሉ በሙሉ ለመመዝገብ አይችልም። ተተኪው ጂፒቲ ይባላል፤ በዊንዶውስ እስከ 128 ክፍል ይቀበላል፤ ከሁሉም በላይ ጥበብ የታየበት ነገሩ ግን ሠንጠረዡን በዲስኩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ በሁለት ቅጂ ማስቀመጡ ነው፤ ይህም የፊተኛው ቢበላሽ የኋለኛው እንዲያድነው ነው።

ይህ ልዩነት በአሁኑ ወቅት ከመጽሐፍ ዕውቀት አልፎ በእያንዳንዱ የጥገና ሱቅ ውስጥ የሚያጋጥም ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ብዙ ሰዎች ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር እየጠየቁ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን የማስነሻ ሥርዓት፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት አካልና ቢያንስ 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል። በአሮጌው ሥርዓት በኤምቢአር የተከፋፈለ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር መጫኛው ውስጥ ሲገባ «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» የሚል መልስ ይገጥመዋል፤ በዚህን ጊዜ የቸኮለ ባለሙያ የሚወስደው አቋራጭ ሁሉንም ክፍል ሰርዞ ዲስኩን ከአዲስ መጀመር ነው፤ ይህም ከሲ ሌላ ሰነድ የሚቀመጥበትን የዲ ክፍልንም አብሮ ይወስዳል። ሆኖም ከዊንዶውስ 10 የ2017 እትም ጀምሮ ሰነድ ሳይጠፋ ኤምቢአርን ወደ ጂፒቲ የሚለውጥ መሣሪያ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ መጠባበቂያ ቅጂ ከተያዘ በኋላ በእርሱ መጠቀሙ ከመሰረዝ እጅግ የተሻለ መንገድ ነው።

በዘመናዊ ላፕቶፕ ላይ ባለቤቱ ሲና ዲን ብቻ ቢያይም በዲስኩ ላይ ያሉት ክፍሎች ከሁለት ይበልጣሉ። መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት የሚሆን፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ሥርዓተ ክወናውን ከየት እንደሚያነሣ የሚነግረው የማስነሻ ክፍል አለ፤ ቀጥሎ 16 ሜጋባይት የሆነ ዊንዶውስ ለራሱ የሚይዘው ክፍል ይገኛል፤ ከዚያ ሲ ይመጣል፤ ከሲ በኋላ ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚጠገንበት ጥቂት መቶ ሜጋባይት የሚሆን የማገገሚያ ክፍል አለ፤ አምራቹ የፋብሪካውን ዊንዶውስ ያስቀመጠበት ሌላ ክፍልም ሊኖር ይችላል። እነዚህ ትንንሽ ክፍሎች ፊደል ስለማይሰጣቸው በተራ አጠቃቀም አይታዩም፤ በመጫኛው ዝርዝር ውስጥ ግን ብቅ ስለሚሉ «ምን ይሠራሉ» ተብለው የሚሰረዙበት ጊዜ ብዙ ነው። የማስነሻው ክፍል ከተሰረዘ በኋላ ሲ ሙሉ ሆኖ ቢገኝም ኮምፒውተሩ አይነሣም፤ ቤቱ እንዳለ ቆሞ ቁልፉ ጠፋ እንደማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ አሳሳቹ የመጫኛው ገጽ ራሱ ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ሲ እና ዲ ተብለው የሚታወቁት ክፍሎች በመጫኛው ገጽ ላይ በፊደላቸው አይጠሩም፤ «ድራይቭ 0 ፓርቲሽን 3»፣ «ድራይቭ 0 ፓርቲሽን 5» እየተባሉ በቁጥርና በመጠን ብቻ ይደረደራሉ። ስለዚህ «ዲን አትንካ፣ ሲን ብቻ አጥፋ» የሚለው የባለቤቱ ማሳሰቢያ ቅን ቢሆንም፣ ገጹ ላይ ሲ የሚል ፊደል ስለሌለ ባለሙያው የትኛው ሲ እንደሆነ በመጠኑ መገመት ይኖርበታል፤ ሁለቱ ክፍሎች ተቀራራቢ መጠን ካላቸው ግምቱ ዕጣ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ የሚነሣ ከሆነ ከመጫኑ በፊት የእያንዳንዱን ክፍል ጠቅላላ መጠንና የቀረ ባዶ ቦታ በወረቀት መጻፍ፣ እንዲሁም በብዙዎቹ የአገራችን ኮምፒውተሮች «ኒው ቮሊዩም» ተብሎ የሚቀረውን የዲን ስም ለይቶ የሚታወቅ ሌላ ስም መስጠት ይገባል፤ መጫኛው ይህን ስም ከቁጥሩ ጎን ያሳያልና። የመጫኛው ገጽ የግዕዝ ፊደልን አሳምሮ ላያሳይ ስለሚችል ስሙ በላቲን ፊደል ቢሆን ይመረጣል።

መጠንን በሚመለከት ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። አምራቾች ጊጋባይትን በአሥር ብዜት ሲቆጥሩ ዊንዶውስ በሁለት ብዜት ስለሚቆጥር፣ በሳጥኑ ላይ 500 ጊጋባይት የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ ውስጥ 465 ጊጋባይት፣ 1 ቴራባይት የተባለው 931 ጊጋባይት፣ 256 የተባለው ደግሞ 238 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል። የጎደለ ነገር የለም፤ ይህን ያወቀ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ዲስክ በመጠኑ ለመለየት አይቸገርም። መለየቱም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መጫኛ የሆነው ፍላሽም፣ ሳይነቀል የቀረ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ይቀርባሉና። መጠባበቂያ ቅጂ የተያዘበትን ኤክስተርናል ሰክቶ ትቶ ሥርዓተ ክወና መጫን ለጥንቃቄ የተደረገውን ነገር ለጥፋት ማዘጋጀት ስለሆነ፣ ከመጫኛው ፍላሽ በስተቀር ሁሉም መነቀል አለበት።

የሲ ክፍል ብቻ ፎርማት ይደረግ ከተባለም በኋላ፣ በሲ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ መስማማት አይገባም። አብዛኛው ሰው «ሰነዴ ዴስክቶፕ ላይ ነው» ሲል ዴስክቶፕ ከሲ ውጭ ያለ የራሱ ቦታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዴስክቶፕም፣ ዶክዩመንትስም፣ ዳውንሎድስም፣ የሥዕልና የቪዲዮ ፎልደሮችም ሁሉ በሲ ውስጥ በተጠቃሚው ስም በተከፈተው ፎልደር ሥር የሚገኙ ናቸው። በቴሌግራም የመጣ ሰነድ ሁሉ አስቀድሞ ካልተለወጠ በስተቀር የሚወርደው በዚያው ዳውንሎድስ ውስጥ ነው፤ የዛሬ ተማሪ የትምህርት ጽሑፎቹን የሚያገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ነው። ከዚህ የሚብሰው በፕሮግራሞች ውስጥ የሚቀመጠው መረጃ ነው። በኢትዮጵያ በብዙ ድርጅቶች የሒሳብ ሥራ የሚሠራበት ፒችትሪ የኩባንያውን መዝገብ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ የሚያስቀምጠው በሲ ውስጥ ነው፤ እንዲሁም ኤስኪውኤል ሰርቨርን መሠረት ያደረጉ የመሥሪያ ቤት ፕሮግራሞች የመረጃ ቋታቸውን የሚያኖሩት በተለመደው አሠራር በሲው የፕሮግራሞች ፎልደር ውስጥ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ዴስክቶፑንና ዶክዩመንትሱን ወደ ዲ ገልብጦ «ሁሉን አትርፌአለሁ» ብሎ ላፕቶፑን ቢሰጥ፣ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ፕሮግራሙ ተመልሶ ሲጫን ባዶ መዝገብ ይከፍትለታል። እንዲህ ያሉ መረጃዎች በፕሮግራሙ የራሱ የመጠባበቂያ ትእዛዝ ተገልብጠው ሊወጡ ይገባል እንጂ ፎልደር በመፈለግ ብቻ ሊታመንባቸው አይገባም።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ የራሱ የሆነ ልዩ ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ሲሆን፣ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፊደልና የቁልፍ ሰሌዳ ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትና ዛሬም ድረስ በጽሕፈት ቤቶችና በጽሕፈት ሱቆች ያልጠፉት የድሮ ፎንቶች የሚሠሩት የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በመተካት ስለሆነ፣ ሰነዱ በውስጡ የያዘው በእውነቱ የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ፎንቱ ሲኖር ብቻ ነው። ፎንቶች የሚቀመጡት በሲ ውስጥ በዊንዶውስ ፎልደር ሥር በመሆኑ፣ ሲ ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ ይጠፋል፤ በዲ ላይ በደኅና የተቀመጠው የአሥር ዓመት ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ሁሉ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ይህን ያየ ሠራተኛ ቫይረስ በላው ብሎ ሰነዱን የሚጥልበት ጊዜ መኖሩ የሚያስቆጭ ነው፤ ሰነዱ ጤነኛ ነውና፣ ፎንቱ ሲመለስለት አማርኛው ይመለሳል። ስለዚህ ፎርማት ከመደረጉ በፊት የፓወር ግዕዝንም ሆነ የሌሎቹን የድሮ የግዕዝ ፕሮግራሞች መጫኛና ፎንቶቻቸውን ወደ ዲ ወይም ወደ ፍላሽ መገልበጥ ከሰነዱ እኩል አስፈላጊ ነው፤ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ደግሞ ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል።

እንዲሁም የዋይፋይና የሌሎች አካላት ማሠሪያ የሆኑት ድራይቨሮች አስቀድመው ቢቀመጡ መልካም ነው፤ አዲሱ ዊንዶውስ ዋይፋዩን ካላወቀው ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨር የሚያስፈልግበት እንቆቅልሽ ውስጥ ይገባልና።

የክፍሎቹ መጠን እንዴት ይወሰን የሚለው ጥያቄ በቂ ትኩረት አላገኘም። በድሮ ልማድ ለሲ 50 ወይም 60 ጊጋባይት ብቻ ሰጥቶ ቀሪውን ሁሉ ለዲ ማድረግ የተለመደ ሲሆን፣ ዊንዶውስ በየጊዜው በሚጭናቸው ማሻሻያዎች ስለሚያድግ እንዲህ ያለው ሲ ብዙም ሳይቆይ በቀይ መስመር ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ ይከብዳል፤ ባለቤቱም እንደገና ፎርማት ለማስደረግ ይመለሳል። 500 ጊጋባይት ላለው ዲስክ ከ150 ጊጋባይት ያላነሰ ለሲ መስጠት ተገቢ ነው። 256 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች የሆነ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሰሌዳ የሌለው ፈጣን ማከማቻ ያለው ላፕቶፕ ግን ጭራሽ ባይከፋፈልና ሰነዱ በሌላ ዲስክ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ትንሽ ቦታን ለሁለት መክፈል ሁለት ጠባብ ቤት መሥራት ነውና።

ወሰንን በኋላ መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን የማሳ ሕግ እዚህም ይሠራል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የዲስክ ማስተዳደሪያ ሲን ማስፋት የሚችለው ከሲ በስተቀኝ ወዲያው የሚያዋስነው ያልተያዘ ባዶ ቦታ ካለ ብቻ ነው። ዲ ከኋላው 100 ጊጋባይት ቢለቅ ያ ቦታ የሚገኘው ከዲ ማዶ በመሆኑ ለሲ አይደርሰውም፤ በመካከል ያለ የጎረቤት ማሳ ሳይነሣ ከወዲያ ማዶ ያለውን መሬት ከራስ ማሳ ጋር መግጠም እንደማይቻል ማለት ነው። በሲና በዲ መካከል የማገገሚያ ክፍል ሲኖርም ችግሩ ያው ነው። ክፍልን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያንቀሳቅሱ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ፤ እነርሱ ግን ሰነዱን በሙሉ ከአንዱ የዲስክ ቦታ ወደ ሌላው እየቀዱ የሚያሸጋግሩ ስለሆነ ሰዓታት ይወስዳሉ፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ ግማሹ በአዲሱ፣ ግማሹ በአሮጌው ቦታ ላይ ቀርቶ ሁለቱም የማይነበቡ ይሆናሉ። የኤሌክትሪክ መቆራረጥ በሚዘወተርበት አካባቢ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ወይም ያለ መጠባበቂያ ኃይል በዴስክቶፕ ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ሥራ መጀመር ከድፍረት ይቆጠራል።

በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ሁለት ነገሮች ባለሙያዎችን ጭምር ያሳስታሉ። አንደኛው መጫኛው ምንም ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ባዶ ዝርዝር ማሳየቱ ነው፤ በኢንቴል 11ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ባሉ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህ የሚሆነው መጫኛው የማከማቻ ድራይቨሩን ስለማይዝ እንጂ ዲስኩ ስለተበላሸ አይደለም፤ ድራይቨሩ ከአምራቹ ድረ ገጽ ወርዶ በፍላሽ ሲቀርብለት ዲስኩ ይታያል። ሁለተኛው ቢትሎከር የተባለው ምስጠራ ነው። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ ዲን ለመክፈት 48 አኃዝ ያለው የማገገሚያ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አሮጌው ዊንዶውስ ከጠፋ በኋላ ይህ ቁልፍ ካልተገኘ በዲ ላይ ያለው ሁሉ እያለ እንደሌለ ነው። በዊንዶውስ 11 ምስጠራው ባለቤቱ ሳያዝዝ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ብቻ በራሱ የሚጀምርበት ሁኔታ ስላለ፣ «እኔ ምንም አልቆለፍኩም» የሚለው መልስ በቂ ዋስትና አይሆንም፤ ቅንብሩን ከፍቶ ማየትና ቁልፉን በወረቀት መገልበጥ ያስፈልጋል።

ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱን ወይም ሌላ የሊኑክስ ዓይነት የሚጭኑ የኮምፒውተር ተማሪዎችም ጥንቃቄ ያሻቸዋል። የኡቡንቱ መጫኛ ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች አንዱ ሙሉውን ዲስክ አጥፍቶ የሚጭነው ስለሆነ፣ ዊንዶውሱንም ዲንም በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዊንዶውስ ጎን ለጎን የሚጭነው ምርጫ ሌላ ነው። በሊኑክስ የተጠቃሚው ሰነድ የሚቀመጥበትን ሆም የተባለውን ፎልደር በራሱ ፓርቲሽን ላይ ማድረግ ስለሚቻል፣ ሥርዓቱ በሚታደስበት ጊዜ ያ ክፍል ሳይነካ ይቀራል። በአንጻሩ ዊንዶውስ የሊኑክስን ክፍል በቀጥታ ስለማያነበው፣ ለክፍሉ ፊደል ቢሰጠው «ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ጥያቄ ያቀርባል፤ መልሱ «አይሆንም» መሆን አለበት።

ስሕተቱ ከተፈጸመ በኋላ የመጀመሪያው ትእዛዝ ምንም አለማድረግ ነው። ክፍሉ ተሰርዞ ገና ምንም ካልተጻፈበት፣ መጫኛውን አቋርጦ ኮምፒውተሩን ማጥፋት፣ ዲስኩንም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስዶ እንደ ቴስትዲስክ ባለ በነፃ የሚገኝ መሣሪያ ወሰኑን እንደገና ማስፈለግ ይቻላል፤ ቴስትዲስክ የዲስኩን ቦታ እየቃኘ የድሮ የፋይል ሥርዓት ምልክቶችን በማግኘት የጠፋውን ሠንጠረዥ መልሶ ይጽፋል። አዲስ ዊንዶውስ በላዩ ከተጫነ ግን የተሸፈነው ክፍል አይመለስም። በኤስኤስዲ ላይ ተስፋው ከዚህም ያነሰ ነው፤ ሥርዓተ ክወናው የተለቀቁትን ቦታዎች ለዲስኩ ስለሚያሳውቅና ዲስኩም አስቀድሞ ስለሚያጸዳቸው፣ በሃርድ ዲስክ ላይ ይተርፍ የነበረው ሰነድ በኤስኤስዲ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ አንድ የተሳሳተ እምነት መነሣት አለበት፤ ይኸውም በዲ ላይ ያለ ሰነድ ተጠብቋል የሚለው ነው። ሲና ዲ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ የአንድ ዲስክ ሁለት ክልሎች ናቸው፤ ወሰኑ ዲን ከፎርማት ያድነዋል፣ ከዲስኩ ሞት፣ ከስርቆት፣ ከውኃና ከእሳት ግን አያድነውም። የዚህ አካባቢ ታሪክ ለዚህ የሚሆን መራር ትምህርት አለው። ዩኒቨርሲቲው ስሙን የወሰደባት መቅደላ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናትና ከሌላም ቦታ ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት ማከማቻ ነበረች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ ራሳቸውን ሲሠዉ መጻሕፍቱ ተዘረፉ፣ 350 ያህሉም ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ወንጌሉና ዳዊቱ በየገዳሙና በየደብሩ በጸሐፍት እጅ ተገልብጦ ስለነበር ንባቡ ከአገር አልጠፋም፤ በአንድ ቅጂ ብቻ የነበረው ግን ከመጽሐፉ ጋር ተሻግሮ ሄደ። የማይታለፈው አምባ ራሱ መጻሕፍቱን አላዳናቸውም፤ ያተረፈው ቅጂ ነው።

ስለዚህ አንድ ቅጂ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው በቤት በሚቀመጥ ኤክስተርናል ዲስክ ወይም ፍላሽ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቤቱ ውጭ መሆን አለበት። ለሦስተኛው ብዙ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በቃላት ብቻ ከሆነ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥምና በኢሜይል ለራስ መላክ ወይም በቴሌግራም በራስ የማስቀመጫ ገጽ ላይ ማኖር ይበቃል። ቅጂው ከተያዘ በኋላም በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ መነበቡን ማረጋገጥ ይገባል፤ ያልተከፈተ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም።

የመመረቂያ ጽሑፍ በሚጠናቀቅባቸው በግንቦትና በሰኔ ወራት ላፕቶፑን ወደ ጥገና ሱቅ የሚወስድ ተማሪ፣ መምህርም ሆነ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የየክፍሉን መጠንና የዲን ስም በአንዲት ወረቀት ጽፎ ከላፕቶፑ ጋር ይስጥ፤ ባለሙያውም ያችን ወረቀት ከመጫኛው ገጽ ጋር ሳያመሳክር የመሰረዣውን ቁልፍ አይጫን።